የድሬዳዋን ሙቀት የሚያስወጣ፣ ሐረርን የሚያሞቅ ማሽን

ድሬዳዋ ላይ ግንቦትና ሰኔ ሲገቡ ኤሲ ለመግዛት የሚነሳ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውንና ማርካውን ነው። እኔ ግን ማሽኑ ምን እንደሚሠራ መረዳት ይቀድማል ባይ ነኝ። ኤሲ ብርድ አያመርትም፤ የቤቱን ሙቀት ወስዶ ውጭ ይጥላል። በቱቦው ውስጥ የሚዘዋወረው ጋዝ ቤት ውስጥ ባለው ክፍል ሲተን ሙቀት ይስባል፤ ኮምፕረሰሩ ሲጨምቀው ደግሞ ይግልና የሳበውን ሙቀት ውጭ ባለው ክፍል በኩል ይለቃል። የጋዙን አቅጣጫ የሚገለብጥ ቫልቭ ያለው ዓይነት ይህንኑ ሥራ በተቃራኒው ስለሚሠራ ቤት ያሞቃል፤ የሙቀት ፓምፕ የሚባለውም እርሱ ነው።

በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሐረር ላይ ሽቦ የሚያግል ሂተር የሚጠቀም ሰው፣ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት የሚያገኘው 1 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ብቻ ነው። የሙቀት ፓምፕ አብዛኛውን ሙቀት ከውጭው አየር ስለሚሰበስብ፣ እንዲህ ባለ መለስተኛ ብርድ በዚያው መብራት 3 እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሰጣል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ላላቸው የጀጎል ቤቶች ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወጪው አስፈላጊ አይመስለኝም።

በውስጥና በውጭ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በሰፋ ቁጥር ማሽኑ ብዙ መብራት ይበላል። በሰፈራችን አንድ ቤት የውጭው ክፍል በብሎኬት ግድግዳና በቆርቆሮ አጥር መካከል ባለች ጠባብ መተላለፊያ ተሰቅሏል፤ የሚተፋው ትኩስ አየር ከአጥሩ ጋር ተላትሞ ተመልሶ ይሳባል፣ ስስ የአሉሚኒየም ክንፎቹም በአቧራ ተደፍነዋል። ማሽኑ እንግዲህ ከከተማው አየር የባሰ ትኩስ አየር ውስጥ ሙቀት ለመጣል ይታገላል። ከሰዓት በኋላ ጥላ በሚያገኘው በምሥራቁ ግድግዳ፣ ፊቱ ክፍት ሆኖ ቢሰቀል ይሻለው ነበር። ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ደግሞ የትኛውም ማርካ ቢገጠም ቆጣሪው ከመሮጥ አያርፍም።

ሌላው የሚያናድደኝ በየዓመቱ «ጋዙ አልቋል» እየተባለ የሚከፈለው ገንዘብ ነው። ጋዙ በዝግ ቱቦ ውስጥ የሚመላለስ እንጂ እንደ ነዳጅ የሚቃጠል ስላልሆነ፣ ከቀነሰ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። በብዙ ኤሲዎች ውስጥ ያለው አር 410ኤ የተባለ ጋዝ ወደ አየር ሲወጣ፣ በክብደት እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ100 ዓመት ስሌት 2,000 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። ስለዚህ ባለሙያው ሊሞላ ሲመጣ፣ አስቀድሞ የሚያፈስበትን ፈልጎ እንዲበይድ መጠየቅ ተገቢ ነው።