ምስክርነት ያለው?

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ጊዜ ነበር። አንዲት እህት ቪዛ ተመትቶላት እያለቀሰች አመሰገነች። አንድ ወንድም የልጁ ኦፕሬሽን ተሳክቶ፣ ሁላችንም አጨበጨብን። ከልቤ ነው ያጨበጨብኩት። ግን አንድ ነገር ታዘብኩ፤ ማይክ የሚይዘው ሁሌ ከመከራው የወጣ ሰው ነው። ገና መሃሉ ላይ ያለውን ማንም ና ተናገር አይለውም። እሱም እጁን አያወጣም።

እኔ አሁን መሃሉ ላይ ነኝ። መሥሪያ ቤት የአራት ጎማ ግዢ ደረሰኝ አምጥተው ፈርሚ አሉኝ። መኪናዋ ግቢው ጥግ ድንጋይ ላይ ቆማለች፤ ከመስኮቴ ትታየኛለች። አንድም ጎማ የላትም። አልፈርምም አልኩ። ጩኸት የለ፣ ስድብ የለ። ብዙም ሳይቆይ ከሒሳብ ክፍል ወደ መዝገብ ቤት የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። የደረጃ ዕድገቴም እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ቡናው ነው። ስንት ዓመት አብረን ጠጥተናል፤ አሁን እኔ ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። አንዷማ ወደ ጥግ ወስዳ «አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ ጌታን የምታውቂው? ልጆች አሉሽ እኮ» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም። አዝናልኝ ነው።

የሰማ ሁሉ «ለበጎ ነው» ይለኛል። ምን ልበል፣ አሜን እላለሁ። የኢዮብ ወዳጆች ግን ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር። ነገር ያበላሹት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ያሉት ወ/ሮ ጸሐይ ቶለሳ ናቸው። ሰው አብዝቶ የሚያነሳው ባለቤታቸውን፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳን ነው፤ ይገባቸዋልም። የመካነ ኢየሱስ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ደርግ አስሮ ሲፈታቸው ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው ነበር። በዚህ የፈተና ጊዜ ምእመናኑን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ኡራኤል መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ተወሰዱ። በዚያው ቀሩ።

ወ/ሮ ጸሐይ ደግሞ በ1972 ታሰሩ። ክፉኛ ተገረፉ። አሥር ዓመት ገደማ እስር ቤት ቆዩ። የባለቤታቸው አፅም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ አልቅሰው የሚቀብሩት እንኳ አልነበራቸውም። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። «አልሄድም» ማለት ትልቅ ነገር ነው፤ ግን በስድስተኛው ዓመት፣ ከእስር ቤቱ ወለል ላይ ተነስቶ ደግሞ መጸለይስ? ያኔ አንድ ሰው «ምስክርነት ያለው?» ቢላቸው ምን ይሉ ነበር?

የእኔን ከእሳቸው ጋር ማስተያየት ያሳፍራል። እኔ ደመወዜ ይገባል፤ ማታ ከልጆቼ ጋር እራት እበላለሁ። ቢሆንም ዳንኤል 3ን ዘንድሮ ሳነበው ሌላ ሆነብኝ። እኛ መጨረሻውን ስለምናውቅ፣ እሳቱ ውስጥ የሚመላለሰውን አራተኛውን ሰው አስቀድመን እያየን ነው የምናነበው። ሦስቱ ወጣቶች «ባያድነንም አንሰግድም» ሲሉ ግን አራተኛ ሰው የለም። ፊታቸው ያለው እቶኑ ነው፣ ንጉሡም ተቆጥቷል።

አቤቱታዬን አስገብቻለሁ። በእግዚአብሔር ታምኛለሁ ብዬ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም፤ የደረሰኙን ኮፒ አያይዣለሁ፣ የመኪናዋንም ፎቶ። ጸሎቴም ያው ነው። ወደ ክፍሌ መልሰኝ እለዋለሁ፣ ሳላፍር። ባይመልሰኝም እንደማልፈርም ነግሬዋለሁ። ሐሙስ ኮሚቴው ይጠራሻል ተብያለሁ።