የእማማ የሽንት ውጤት

ሐዋሳ ውስጥ የምሠራበት ላቦራቶሪ ከሚደርሱት የሽንት ናሙናዎች ብዙዎቹ የአረጋውያን ናቸው። አንድ ጠዋት ከኢንኩቤተር (ባክቴሪያ በሙቀት ከሚያድግበት ሣጥን) ያወጣሁት የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሳህን ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው እናት ናሙና ነበር። ያደገው ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ነው። መድኃኒቱ ቢሠራ ኖሮ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ባለበት ትንሽ ክብ ወረቀት (ዲስክ) ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታይ ነበር። ባክቴሪያው ግን እስከ ዲስኩ ጠርዝ ድረስ ሳህኑን ሸፍኖታል። ሌላው መድኃኒት ሴፍትሪያክሶንም እንዲሁ። በናይትሮፉራንቶይን ዙሪያ ሰፊ ክብ አለ፤ እሱም ቢሆን አይጠቅማቸውም። ያለባቸው ትኩሳትና የጎን ውጋት ኢንፌክሽኑ ኩላሊት መድረሱን ያሳያል፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ የሚጠራቀመው በሽንት ውስጥ እንጂ በኩላሊት ሥጋ ውስጥ አይደለም። ከሞከርናቸው ውስጥ ለሐኪሙ የቀረለት ሜሮፔኔም ነው፤ በደም ሥር የሚሰጥ፣ ውድ፣ ሆስፒታል መተኛትን የሚጠይቅ።

ውጤቱን የምትጠብቀው ልጃቸው ከቦርሳዋ ባዶ የሲፕሮ (የሲፕሮፍሎክሳሲን) ማሸጊያዎች አወጣች።

«ሽንቷ በተመረመረ ቁጥር ባክቴሪያ አለ እያሉ ይህንን ያዙላታል።»

«ያን ጊዜ ያቃጥላቸው ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ! የምንሄደው ለደም ግፊት ክትትል ነው።»

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዕድሜ ሲገፋ ፊኛ በደንብ አይራገፍም፤ ከማረጥ በኋላ ደግሞ ሴቶችን የሚጠብቁት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይመናመናሉ። በዚህ የተነሳ በብዙ አረጋውያን ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ምንም ሳያሳምም ይኖራል፤ ምልክት ከሌለም በአብዛኛው ሕክምና አያስፈልገውም። ክኒኑ ሲሰጥ ግን አንጀት ውስጥ ያሉት ደካሞቹ ያልቃሉ፤ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ቦታቸውን ይወርሳሉ። ወደ ፊኛ የሚሻገሩትም ከዚያው ነው። እውነተኛው ሕመም ሲመጣ፣ በዕድሜ የደከመ ሰውነት ያለ ረዳት ይገጥመዋል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ዓለም አቀፍ ጥናት ከ1990 እስከ 2021 ባለው ጊዜ መድኃኒት በተላመዱ ጀርሞች የሚሞቱ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ቁጥር ከግማሽ በላይ መቀነሱን፣ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ግን ከ80 በመቶ በላይ መጨመሩን ያሳያል። ስለ ሕፃናቱ ደስ ይለኛል። የአረጋውያኑን ሞት ግን «ዕድሜያቸው ነው» ብሎ ማለፍ ልቤ አይፈቅድም።

እናትየው ተኝተው ታከሙ፤ ድነውም ወጡ። እኛም አሁን የአረጋዊ ሽንት መጥቶ በመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ የሕመም ምልክት ካልተጻፈበት፣ ዲስክ ከመደርደራችን በፊት ወደ ላከው ሐኪም እንደውላለን። አንዳንዱ ይቆጣል፤ ቢቆጣም እንደውላለን።