ግራ እጄን ወደ ሥራ የመለስኩበት መንገድ

ስትሮክ ከመታኝ በኋላ በግራ እጄ በኩል ቀድሞ የተመለሰልኝ መጨበጥ ነው። ያስቸገረኝ መልቀቅ ነበር። ብርጭቆ ጨብጥ ስለው ይጨብጣል፤ ላስቀምጠው ስል ግን ጣቶቼ አልፈታ ይላሉ። ቴራፒስቴ እንዳስረዳችኝ ይህ በብዙ ታማሚ ላይ የሚታይ ነው፤ እጅን የሚያጥፉት ጡንቻዎች አብዛኛውን ጊዜ ከሚዘረጉት ቀድመው ይነሳሉ፣ አንዳንዴም ከልክ በላይ ይወጠራሉ። እኔን ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ግን የሚጨመቅ የጎማ ኳስ ይዞልኝ ይመጣ ነበር። አመስግኜ እቀበልና መሳቢያ ውስጥ እከታቸዋለሁ። ለኔ የሚያስፈልገኝ መዘርጋት ነበርና።

የተጨበጠ እጅ እንዴት እንደሚፈታ ያሳየችኝም ይህችው የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ሥራን መልሶ የማስለመድ ሕክምና) ባለሙያ ናት። የግራ ጣቶቼን በቀኝ እጄ አንድ በአንድ ለመፈልቀቅ ስታገል አየችኝና፣ «ጋሼ፣ ጣቱን አይታገሉት። መጀመሪያ አንጓዎን ወደ ታች ይጣሉት» አለችኝ። ጣትን የሚያጥፉት ጅማቶች በእጅ አንጓ በኩል ስለሚያልፉ አንጓው ወደ ታች ሲታጠፍ ይላላሉ። ከዚያ አውራ ጣትን ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ ይዞ ቀስ አድርጎ ወደ ውጭ ማውጣት ነው፤ ሌሎቹ ጣቶች ተከትለው ይለቃሉ። ለደቂቃዎች ያደክመኝ የነበረው ነገር በአንድ ትንፋሽ ያልቅ ጀመር።

ዋናውን ነገር የተረዳሁት ግን ስለ ድግግሞሽ ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጥናት የስትሮክ ታማሚዎች በአንድ የሕክምና ክፍለ ጊዜ የደከመውን እጃቸውን ለተግባራዊ ሥራ ስንት ጊዜ እንደሚያንቀሳቅሱ ቆጥሮ ነበር፤ አማካዩ 32 ገደማ ሆኖ ተገኘ። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች አንጎል ራሱን መልሶ ሲያደራጅ የታየው ደግሞ በቀን በመቶዎች በሚቆጠር ድግግሞሽ ነው። ባለሙያዎቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ ሰዓቱ አጭር ነው፣ መራመዱም ሚዛን መጠበቁም መለማመድ አለበት። ስለዚህ ቴራፒስቷ ዘንድ የምሄደው አሠራሩን ለመማርና ለመታረም ነው፣ ልምምዱ ራሱ ቤት ነው ብዬ ወሰንኩ።

ቤት ሆኖ ቁጭ ብሎ እጅን ማንሳትና ማውረድ ግን ይሰለቻል። እኔም ለግራ እጄ ቋሚ ሥራ ሰጠሁት። የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ የግራ ነው። የበር እጀታ የግራ ነው። የውሃ ቧንቧ መክፈት፣ ማንኪያና ሹካ ወደ መሳቢያ መመለስ፣ ፎጣ ማጠፍ፣ ጠረጴዛ መወልወል፣ ልብስ ሲሰጣ መቆንጠጫ ማቀበል ሁሉ የግራ ሆነ። ቀኝ እጄ እነዚህን እንዳይነካ ተከለከለ። ጠዋት ስነሳ «ዛሬ ስፖርቴን ልሥራ ወይስ ልተወው» የሚባል ክርክር ቀረ፤ ክፍሉ ሲጨልም መብራት ማብራት ግድ ነውና። የበር እጀታው ከሁሉም ይከብድ ነበር፣ ምክንያቱም መዳፍን ወደ ላይ መገልበጥ ይጠይቃል። መጀመሪያ ሰሞን እጀታው እስኪዞር ድረስ በሩ ፊት ቆሜ ስጠብቅ ያየኝ ሰው የጠፋብኝ ነገር አለ ሊል ይችላል።

የሸሚዝ ቁልፍ ለብቻው ትምህርት ቤት ነው። ሰፋ ያለ ቁልፍ ባለው አሮጌ ሸሚዝ ጀመርኩ፤ ሳልለብሰው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ። ግራ እጄ የቀዳዳውን ጠርዝ ይይዛል፣ ቀኙ ቁልፉን ይገፋል። አውራ ጣቴ ጨርቁን ሲጫን ጥፍሩ ይነጣል፣ ቁልፉ ግማሽ እንደገባ ጠርዙ ያመልጣል። ይህን ጊዜ ክርኔ ወደ ጎን ይወጣል፣ ትከሻዬም ሳላውቀው ይነሳል። ባለሙያዋ ይህን ስታይ «ትከሻዎ ጆሮዎ ጋ ምን ሊሠራ ሄደ?» ትለኛለች። ቀልድ ቢመስልም ትልቅ ነገር ነው። የደከመ እጅ ሥራውን ለትከሻና ለወገብ ያስተላልፋል፤ ሥራው ያልቃል፣ ጣቶቹ ግን ምንም አልተማሩም። ለዚህ ነው ፊት ለፊቴ መስታወት አድርጌ የምለማመደው። ትከሻዬ ሲነሳ ካየሁ አቆማለሁ፣ አወርደዋለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ። ቁልፉ ገብቶ ትከሻው ከተነሳ እኔ አልቆጥረውም።

የቤተሰብ ነገር ከዚህ አይለይም። ልጄ «አባዬ ተወው፣ እኔ ልቆልፍልህ» ስትል ፍቅር ነው፤ ግን ከእጄ ላይ አንድ ልምምድ ወሰደች ማለትም ነው። ተነጋገርንና ካልጠየቅሁ በቀር ላለመርዳት ተስማማች። በልምምዱ ከኔ ይልቅ የከበዳት እሷን ይመስለኛል። ቢላዋ፣ የፈላ ውሃና ደረጃ ግን ከስምምነቱ ውጭ ናቸው። ግራ እጄ ሙቀት በደንብ ስለማይለይ ውሃ የምሞክረው ሁልጊዜ በቀኝ ነው።

ቀኙን የመከልከሉን ሐሳብ እኔ አልፈጠርኩትም። ኤድዋርድ ታውብ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የስሜት ነርቭ የተቆረጠበትን ክንዳቸውን መጠቀም ያቆሙ ጦጣዎች ደህናው ክንዳቸው ሲታሰር ያንኑ የተውትን መጠቀም እንደሚጀምሩ አይቶ ነበር። ክንዱ ጨርሶ ስላልቻለ ሳይሆን አለመጠቀምን ስለለመደ ነው የተቀመጠው። ከዚህ የተነሳው ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ሰፊ ጥናት ተፈተሸ። ስትሮክ ከመታቸው ከ3 እስከ 9 ወር የሆናቸው 222 ሰዎች የተሳተፉበት ሲሆን፣ ለሁለት ሳምንት በደህናው እጃቸው ላይ ወፍራም ጓንት አጥልቀው በሌላው የሠለጠኑት ከሌሎቹ የተሻለ መሻሻል አሳይተዋል። እኔም ባለሙያዋ በፈቀደችልኝ ሰዓት ጓንቱን አደርጋለሁ፤ ስራመድ ግን አወልቀዋለሁ፣ ብንገዳገድ የምደገፈው በቀኙ ነውና።

«ስድስት ወር ካለፈ የቀረው ቀረ» የሚለውን ወሬ እኔም ሰምቼዋለሁ። ፈጣኑ ለውጥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ገደማ መሆኑ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ለውጡ ይዘገያል እንጂ በሩ አይዘጋም። የሸሚዙ ቁልፍ የተሳካልኝ ራሱ ያ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ ነው። በሌላ በኩል ገና ከመጀመሪያው ቀን ታማሚን እያነሱ ማሠራትም አይደገፍም። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የወጣና ከ2,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ጀምረው በብዛትና በጥድፊያ ከአልጋ እንዲነሱ የተደረጉት በሦስተኛው ወር ከሌሎቹ ያነሰ ውጤት እንደነበራቸው አሳይቷል። ዘመድ «ተነስ፣ በርታ» ሲል የሐኪሙን ቃል ማስቀደም ይሻላል።

ትከሻን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፤ የደከመውን ክንድ ይዞ ማንም እንዳይጎትት። ጡንቻው ሲላላ መገጣጠሚያው በቀላሉ ከቦታው ይወርዳል፣ ሕመሙም ልምምዱን ሁሉ ያስቆማል። ስቀመጥ ክንዴን ትራስ ላይ አሳርፋለሁ፤ የሚያነሳኝ ሰው ደግሞ በብብቴ ሥር ገብቶ ሳይሆን ወገቤን ይዞ ነው።

ጣቶቼ እየተወጠሩ በሄዱ ጊዜ ሐኪሜ ቦቱሊነም ቶክሲን የተባለውን መርፌ ወጋኝ። መርፌው እጅ አያሠራም። የተወጠረውን ጡንቻ ለሦስት ወር ገደማ ያላላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተለማመዱበት ኃይሉ አልቆ እጁ ወደነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ ከመርፌው በፊት የቴራፒ ቀጠሮዬን አስይዤ ነው የሄድኩት።

ድካሙ ሌላ ነው። ከስትሮክ በኋላ የሚመጣው ድካም ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ዓይነት አይደለም። ከባዱን ሥራ፣ ማለትም ቁልፍና መቆንጠጫ፣ ለጠዋት አድርጌ ከሰዓት በኋላ ፎጣና ጠረጴዛ ብቻ ተውኩ። ሆድ የሚብስበት ቀንም አለ። የስሜት መውደቅ በስትሮክ ታማሚዎች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፣ ይታከማልም። ለሐኪሜ የነገርኩት ዘግይቼ ቢሆንም መድኃኒቱ ከጀመረ በኋላ ልምምዱ ቀለለኝ።

ይህ ሁሉ ግን አንጓውንና ጣቶቹን በጥቂቱም ቢሆን ወደ ላይ ማንሳት ለሚችል እጅ ነው። ጨርሶ ለማይንቀሳቀስ እጅ ጓንቱ ሰውየውን ሥራ ያስፈታዋል እንጂ አያሠለጥነውም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቴራፒስቱን ጡንቻን በኤሌክትሪክ ስለሚያነቃቃ መሣሪያና ስለ መስታወት ልምምድ መጠየቅ ይቻላል። በመስታወቱ ልምምድ ደህናው እጅ ሲንቀሳቀስ ምስሉ የደከመው የተንቀሳቀሰ ያስመስላል። እኔ ጣቶቼ ገና ሳይነሱ የጀመርኩት በእሱ ነበር፤ መብራት ማብሪያው የመጣው ኋላ ነው።