«ልርዳዎት» ያልኩበት ቀን

የሚለበስ የልብ ዲፊብሪሌተር፣ ማለትም የተዛባን የልብ ምት በኤሌክትሪክ መትቶ የሚያስተካክል መሣሪያ፣ በሚሠራ አንድ የአሜሪካ ድርጅት በሙከራ መሐንዲስነት ስቀጠር፣ ሥራዬ ከቤተ ሙከራው ጠረጴዛ የሚያልፍ አልመሰለኝም ነበር። መሣሪያው ከልብስ ሥር የሚለበስ ቀጭን ሰደርያ ነው። ደረትን በሚዞረው መቀነት ላይ ያሉት አራት ትንንሽ ኤሌክትሮዶች የልብን ምት ሌት ተቀን ያነባሉ። ሁለት ሰፋፊ ሰሌዳዎች ከጀርባ፣ አንድ ደግሞ ከፊት ተቀምጠው የሕይወት አድኑን ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ። ወገብ ላይ የሚንጠለጠለው ሳጥን ባትሪውንና ኮምፒውተሩን ይይዛል።

የሚለብሱት በአብዛኛው በቅርቡ የልብ ሕመም የጣላቸው፣ ልባቸው ከያዘችው ደም በአንድ ምት 35 በመቶውን ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ የምትገፋ ሰዎች ናቸው። በደረት ውስጥ የሚቀበረውን ቋሚ መሣሪያ ለመትከል ሐኪሞች ከሕመሙ በኋላ ቢያንስ 40 ቀን ይጠብቃሉ። ድንገተኛ ሞት በእነዚያ ቀናትም ይመጣል። ልብ መምታቷን ትታ መርገብገብ ከጀመረች፣ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ በሚያልፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ሰደርያው የሚሞላው ይህንን ክፍተት ነው።

እኔ የምኮራው በጠረጴዛዬ ነበር። መሣሪያው የሚሰጠውን 150 ጁል የኤሌክትሪክ ጉልበት፣ የሰውን አካል በሚተኩ፣ ኤሌክትሪክን በሚገድቡ ከ25 እስከ 175 ኦም ባላቸው ሬዚስተሮች ላይ ደጋግሜ ለክቻለሁ። ዓለም አቀፉ መስፈርት በታሰበውና በተለካው ጉልበት መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ ያዛል፤ የእኛ ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። የተቀዱ የልብ ምቶችን እያስገባሁ መሣሪያው ገዳዩን ከማይገድለው ይለይ እንደሆነ እመረምራለሁ። ገዳዩን ካለፈው ሰው ይሞታል። ደረጃ በመውጣት ብቻ የፈጠነችን ልብ ከመታ ደግሞ ነቅቶ የቆመ ሰው ይመታል፤ ያ ሰው ሰደርያውን አውልቆ ዳግም ላይለብሰው ይችላል። ለዚህ ሲባል መሣሪያው በመጀመሪያ ይነዝራል፣ ቀጥሎ ይጮኻል። የለበሰው ሰው ራሱን ካወቀ ሁለት ቁልፎችን ተጭኖ ያስቆመዋል። ካልተጫነ ሰሌዳዎቹ ጄል ይለቃሉ፣ አጠገቡ ያሉ ሰዎች እንዳይነኩት በድምፅ ያስጠነቅቃል፣ ከዚያ ይመታል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው።

ያን ዕለት ግን ከጠረጴዛዬ አንስተው የአጠቃቀም ሙከራ፣ ማለትም ሰዎች መሣሪያውን ያለ እርዳታ በትክክል ይጠቀሙበት እንደሆነ የሚታይበት ሙከራ፣ ወደሚካሄድበት ክፍል ወሰዱኝ። ክፍሉ መኝታ ቤት እንዲመስል ተደርጎ ተዘጋጅቷል፤ አልጋ፣ መብራት፣ ወንበር አለው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በእንዲህ ያለ ሙከራ ከእያንዳንዱ የተጠቃሚ ወገን ቢያንስ 15 ሰዎች እንዲሳተፉ ይመክራል። ተሳታፊዎቹ የሚሞክሩት ናሙና መሣሪያ ኤሌክትሪክ የሚያከማችበት ክፍል የወጣለት ስለነበር ማንንም አይጎዳም። የእኔ ድርሻ ናሙናው ቢበላሽ ማስተካከል ብቻ ነበር። ለተሳታፊ ማገዝ፣ ፍንጭ መስጠት፣ ራስን መነቅነቅ እንኳ ክልክል ነው።

አንዲት ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው ሴት ገቡ። ሥራው ቀላል ይመስላል፦ ሰሌዳዎቹን ከቆሸሸው ሰደርያ አውጥቶ በታጠበው ውስጥ ማስገባትና መልበስ። መመሪያውን ቀስ ብለው አነበቡ። የጀርባውን ሰሌዳ አነሱ፣ ሁለቱንም ገጽ በጣታቸው ዳበሱ፣ ትንሽ አሰቡ፣ ከዚያም ብረታማውን ገጽ ወደ ውጭ አድርገው ኪሱ ውስጥ ከተቱት። እንዲህ ሆኖ ከተለበሰ ጄሉ ልብሱን ያረጥባል እንጂ ቆዳ አይደርስም፤ ኤሌክትሪኩም መንገድ ያጣል።

ከዚያ ከማያያዣው ጋር ትግል ጀመሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ መመሪያው ያያሉ። ዘጠኝ ደቂቃ አለፈ። እኔ ያደግሁት ትልቅ ሰው ሲቸገር ቁጭ ብሎ ማየት ነውር በሆነበት ቤት ነው፤ አሮጊት እንስራ ተሸክማ ካየሽ ሳትጠየቂ ትቀበያለሽ። ከወንበሬ መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። «ልርዳዎት» ብዬ ሰሌዳውን አወጣሁ፣ ገለበጥኩ፣ አስገባሁ፣ ማያያዣውን ቆለፍኩ። ሴትዮዋ እጄን ጨብጠው አመሰገኑኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ኃላፊዬ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ሁሉንም አይታለች። አልተቆጣችም። በውጤት ቅጹ ላይ «ተሰርዟል» ብላ ጽፋ ወደ እኔ አዞረችው።

«ሴትዮዋ ነገ ቤታቸው ብቻቸውን ሰሌዳውን ሲገለብጡ አንቺ እዚያ አለሽ?» አለችኝ።

«የለሁም።»

«ለምን እንደገለበጡትስ ጠየቅሻቸው?»

አልጠየቅኋቸውም። እሷ ግን በኋላ በነበረው ቃለ ምልልስ ጠይቃቸው ኖሯል። የቆዳቸው መሳሳት ያስቸግራቸዋል፤ ብረቱ እንዳይጎዳቸው ለስላሳውን ጨርቅ ወደ ገላቸው አዙረዋል። ስህተቱ የመርሳት ወይም የእርጅና አልነበረም። አስበውበት ነው ያደረጉት፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እንዲሁ ላስብ እችል ነበር። መመሪያችን ደግሞ ብረታማው ገጽ ወደ ገላ ይዙር ይላል እንጂ ለምን እንደሆነ አንድም ቃል አይናገርም።

ማታ ቤት ገብቼ፣ ስቀጠር የተሰጠኝን በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ጥናት እንደገና አወጣሁ። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ በአሜሪካ በ2001 እንዲፈቀድ መሠረት የሆኑት የዌሪትና የባይሮድ ሙከራዎች ውጤት ነው። 289 ሕሙማን ተሳትፈውበታል። ከስምንት የማዳን ሙከራዎች ስድስቱ ተሳክተዋል፤ እኔ በቃሌ የያዝኩት ይህንን ብቻ ነበር። ያልተሳኩት ሁለቱ ግን ሰሌዳዎቹ በትክክል ያልተቀመጡባቸው ነበሩ። በድንገት ከሞቱት ስድስት ሰዎች አምስቱ አልለበሱትም ነበር፤ አንዱ ደግሞ የለበሰው በተሳሳተ መንገድ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ያኔም አንብቤዋለሁ። አንብቤው አልፌዋለሁ።

ቬስት የተባለው ትልቁ ሙከራ በ2018 ሲታተም ብዙ አከራክሯል። 2302 ሕሙማን ነበሩበት። ለ90 ቀን በተደረገው ክትትል በልብ ምት መዛባት የሞቱት ሰደርያ ከተሰጣቸው 1.6 በመቶ፣ ካልተሰጣቸው 2.4 በመቶ ሲሆኑ፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ የጸና አልነበረም። መሣሪያው ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው ክርክር አሁንም ይነሣል። እኔ ግን ከዚያ ጥናት ሌላ ቁጥር አይለቀኝም፦ ሰደርያ ተሰጥቷቸው ከሞቱት 48 ሰዎች፣ በሞቱበት ሰዓት ለብሰውት የነበሩት 12 ብቻ ናቸው። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ሬዚስተሩ ሰደርያውን አውልቆ አያውቅም፤ ገልብጦ ለብሶም አያውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የአስታማሚዎች ተራ ሆነ። አልጋው ላይ ሰደርያ የለበሰ የሰው ቅርጽ አስተኛን፤ ራሱን የሳተ አባት ነው ተባለ። አንዲት ወጣት እንደ ልጁ ሆና ገባች። መሣሪያው መጮኽ ሲጀምር ሮጣ ደረሰች፣ የሚያበሩትን ሁለት ቁልፎች አየችና በሁለት እጇ ተጫነቻቸው። ጩኸቱ ቆመ። በረጅሙ ተነፈሰች። ቁልፎቹን ከታማሚው በቀር ማንም እንዳይነካ መመሪያው በግልጽ ይናገራል፤ ሌላ ሰው ሲጫናቸው መሣሪያው ታማሚው ነቅቷል ብሎ የኤሌክትሪክ ምቱን ያቆየዋል። ስትጠየቅ «አባቴ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው» አለች። እጇን ሳይ ሰሌዳውን የገለበጠው የራሴ እጅ ታየኝ። በዚህ ጊዜ ከወንበሬ አልተነሣሁም፤ የሆነውን አንድ በአንድ ጻፍኩ።

ሁለቱም ግኝቶች ወደ ንድፍ ክፍል ሄዱ። እኔም ከቤተ ሙከራው ወጥቼ ሦስት ወር አብሬያቸው ሠራሁ። የሰሌዳው አንዱ ጠርዝ ተቆርጦ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ኪሱ ውስጥ የሚገባ ሆነ። መመሪያው ላይ ብረቱ ለምን ገላን መንካት እንዳለበት፣ ቆዳ ቢያሳክክ ደግሞ ለማን መደወል እንደሚገባ ተጨመረ። መሣሪያው ሲጮኽ የሚናገረው ቃልም ተለውጦ፣ ቁልፉን ታማሚው ብቻ እንዲጫን ከመጀመሪያው ይናገራል። የተሰረዘውን ውጤት ለመተካት፣ የቀሩትንም ለመድገም አዲስ ተሳታፊዎች ተጠሩ።

በመጀመሪያው ቀን የገቡት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የዓይናቸው መነጽር ወፍራም ነው። ሰሌዳውን ገልብጠው ሊያስገቡ ሞከሩ፣ አልገባም። እንደገና ሞከሩ። ቀና ብለው እኔን አዩ። እጄን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ። ጉሮሮዬ ደርቋል። ሰሌዳውን ወደ መብራቱ አስጠግተው የተቆረጠውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፣ አዞሩት፣ ማያያዣው ቀጭ አለ።

ቅጹ ላይ ሰዓቱን ሞላሁ፦ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ፤ እርዳታ አልተሰጠም።