ጸሎት አስቁሞ ፍትሕ መጠየቅ፦ ስለ መካከለኛው ዘመን አይሁድ ዳኝነት ያነበብኩት እስካሁን

የንባብ ጓደኞቼ፣ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። የያዝኩት ርዕስ በመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ማኅበረሰብ ውስጥ ወንጀል እንዴት ይዳኝ ነበር የሚለው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ያስገባኝ አንድ ጥያቄ ነው። የራሱ ንጉሥ፣ የራሱ ጦር የሌለው ሕዝብ ሌባውን፣ ደብዳቢውን፣ የወላጅ አልባ ውርስ የበላውን በምን ይቀጣል?

ዋናው መሣሪያ ውግዘት ነበር። በዕብራይስጥ ኼሬም ይሉታል። ግብፅ ይኖር የነበረው ሊቅ ማይሞኒደስ ዝርዝሩን ጽፎታል። ቀለል ባለው ደረጃ፣ የተወገዘውን ሰው ማንም በአራት ክንድ ርቀት ውስጥ አይቀርበውም፤ ለማኅበር ጸሎት ከሚያስፈልጉት ዐሥር ሰዎችም አይቆጠርም። ሲከብድ ማስተማርም ሆነ ከሌላ መማር ይከለከላል፤ የሚቀጥረው የለም፤ ለዕለት ጉርሱ ያህል ካልሆነ አብሮት የሚነግድም የለም። የተማረውን እንዳይረሳ ብቻውን ማጥናት ግን ይፈቀድለታል። ይህችን መስመር ሳገኝ ደስ አለኝ። ሰውየውን ከሰው እየለዩትም ከትምህርቱ ሊለዩት አልፈለጉም።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ፍርድ የተነፈገ ሰው በሰንበት ምኩራብ ውስጥ ተነሥቶ ጸሎቱን ወይም የኦሪት ንባቡን ያስቆም ነበር። «ጉዳዬ ይታይልኝ» ብሎ ይቆማል፤ ማኅበሩም ሰምቶ መልስ ካልሰጠው ንባቡ አይቀጥልም። በጀርመንና በሰሜን ፈረንሳይ ይህ የታወቀ ልማድ ነበር። በካይሮ አሮጌው ከተማ በፉስጣጥ፣ በቤን ዕዝራ ምኩራብ ጓዳ ተከማችተው በተገኙት ወረቀቶች ውስጥም ለጉባኤው የቀረቡ አቤቱታዎች አሉ፤ ከአመልካቾቹም ሴቶች ይገኙበታል። አስቡት፣ ዘመድ የሌላት መበለት የከተማውን ሀብታም ሁሉ ቁጭ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ለኔ የዚያ ዘመን ፍትሕ ትልቁ ክብር እዚህ ላይ ነው።

ልትጀምሩ ላሰባችሁ አንድ ምክር አለኝ። ከሕግ መጻሕፍቱ በፊት ረቢዎች ለተላከላቸው ጥያቄ የጻፉትን መልስ አንብቡ። ተከራካሪዎቹ ብዙ ጊዜ በእውነተኛ ስማቸው አይጠሩም፤ ሮቤልና ስምዖን ይባላሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ ልያና ራሔል። መጀመሪያ ያደናግራል። ትንሽ ስትቆዩ ግን ከሮቤል ጀርባ ያለው ዕዳውን መክፈል ያቃተው ነጋዴ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። እኔ ጥያቄውን ብቻ አነብና መልሱን ከመግለጤ በፊት የራሴን ፍርድ ማስታወሻዬ ላይ እጽፋለሁ። በጣም ጠቅሞኛል።

እንቅልፍ የነሳኝ መልስ የረቢ አሼር ቤን የኪኤል ነው። ከጀርመን ተሰዶ በ1300ዎቹ መጀመሪያ ቶሌዶ ገባ። ኮርዶባ ውስጥ ፈጣሪን ተሳድቧል ስለተባለ ሰው ተጠየቀ። ሲመልስ፣ በሰማባቸው አገሮች ሁሉ አይሁድ በነፍስ እንደማይፈርዱና ስፔን ውስጥ ሲያደርጉት በማየቱ እንደተገረመ ይናገራል። ሥልጣኑ ከመንግሥት የተሰጠ መሆኑን ነግረውታል፤ ጉዳዩ ለሌሎች ዳኞች ቢተው የበለጠ ደም ይፈስ እንደነበርም ጭምር። ልማዳቸውን ተወላቸው እንጂ ነፍስ በማጥፋት ከነሱ ጋር ተስማምቶ እንደማያውቅ ጽፏል። ይህን ብሎ ግን የሰውየው ምላስ እንዲቆረጥ ያዘነብላል! ሞትን የጠላ ሰው አካል መቁረጥን እንዴት ተቀበለ? እኔ ይህን ልቀበልለት አልቻልኩም።

የዚያ ሥልጣን መጨረሻም መራራ ነው። በካስቲል፣ ቶሌዶ በነበረችበት የስፔን መንግሥት፣ እጅግ የሚጠላው ወንጀለኛ ወገኑን ለመንግሥት የሚያሳብቀው ሰው ነበር። አንድ ሰላይ መቶ ቤተሰብ ሊያስዘርፍ ስለሚችል ፍርሃታቸው ይገባኛል። በ1379 ቀዳማዊ ኹዋን ዘውድ ሲጭን፣ አንዳንድ የአይሁድ ሹማምንት የሚገደለውን ሰው ስም ሳይገልጹ «አሳባቂ ይገደል» የሚል ትእዛዝ ከንጉሡ አወጡ። ሰውየው ዮሴፍ ፒቾን ነበር፤ የቀድሞው ንጉሥ ከፍተኛ የሒሳብ ሹም። ማለዳ ቤቱ ሄደው በቅሎዎቹ በዕዳ ሊያዙ ነው ብለው ጠሩት። ሲወጣ ደጃፉ ላይ ተገደለ። ንጉሡ እንደተታለለ ሲያውቅ በገዳዮቹ ላይ ሞት ፈረደ፤ በ1380 በሶሪያ ከተማ፣ በካስቲል ማለቴ ነው፣ በተደረገው ጉባኤም አይሁድ በወንጀል የመዳኘት ሥልጣናቸውን ተነጠቁ።

ከዚህ በኋላ ወደ 1432ቱ የቫያዶሊድ ደንብ እሄዳለሁ። በአብርሃም ቤንቬኒስቴ መሪነት የካስቲል ማኅበራት ዳኞችን፣ ግብርንና ትምህርትን ዳግም ያደራጁበት ነው። የአሳባቂን ጉዳይም እዚያው አንሥተውታል፤ ከፒቾን ሞት በኋላ ምን እንደተለወጠ ማየት እፈልጋለሁ። ደንቡን አብሮኝ ማንበብ የሚፈልግ ካለ ይጻፍልኝ፤ ስለ ዳኞች አመራረጥ ከሚናገረው ክፍል እንጀምራለን።