ኮሪዶራስ ለብቻው አይገዛም
ፊሽ ታንክ የጀመረ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፣ "ታች የወደቀውን ቆሻሻ የሚበላ አሳ የቱ ነው?" ሱቅ ሲሄዱ ኮሪዶራስ ይታያቸዋል፣ አንድ ወይ ሁለት ይዘው ይመለሳሉ። ይሄ ነገር በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ምክንያቱም ኮሪዶራስ የሌላውን አሳ ካካ አያፀዳም፣ ብቻውን ሆኖም አይሆንለትም።

ዘሩ እኛ ከምናውቀው አምባዛ ወገን ነው፣ ጺሙም ያው ነው፣ ግን አምባዛ ሌላውን አሳ የሚውጥ ግዙፍ ሲሆን ይሄኛው ጣት የሚያህል፣ ማንንም የማይነካ ነው። አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ አማዞን አካባቢ ባሉ ወንዞችና ጅረቶች ውስጥ በመንጋ እየዞረ ነው የሚበላው። ስለዚህ ቢያንስ 6፣ ቦታ ካለ 10 ግዙ፣ ሁሉም ደግሞ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ሁለት ፓንዳ፣ ሁለት ብሮንዝ፣ ሁለት ፔፐርድ (ሁሉም የኮሪዶራስ ዓይነቶች ናቸው) ብትቀላቅሉ መንጋ አይሆንም፣ እያንዳንዱ የራሱን ዓይነት ነው የሚፈልገው። ብቻውን እንጨት ስር ተደብቆ የሚውለው አሳ ጓደኞች ሲመጡለት ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ሲሯሯጥ ታዩታላችሁ።

ወለሉ ላይ እባካችሁ ደቃቅ አሸዋ አድርጉ፣ ጠጠር አይደለም። ቀረብ ብላችሁ እዩት፣ አፉን እስከ ዓይኑ ድረስ አሸዋው ውስጥ ይቀብርና እያላመጠ የሚበላውን ያስቀራል፣ አሸዋው በስንጥቡ በኩል እንደ ጭስ ቡልቅ እያለ ይወጣል። እኔ ይሄን እያየሁ ስንት ማታ እንዳመሸሁ! ምግቡን የሚያገኘው በጺሙ ስለሆነ ወለሉ ሻካራ ወይ ቆሻሻ ሲሆን ጺሙ እየተበላ ያልቃል። ምግቡም የራሱ ይሁን፣ ወደ ታች የሚሰምጥ ፔሌት፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ብትጨምሩለት ላይ ያሉት አሳዎች አይቀሙትም።

ደግሞ በድንገት ከታች ተፈትልኮ ወጥቶ አየር ጎርሶ ይመለሳል፣ እንዳትደነግጡ፣ አየሩን በአንጀቱ ነው የሚጠቀምበት። (አምባዛም አየር ይተነፍሳል፣ እሱ ግን ከስንጥቡ በላይ ለዚህ የተሰራ አካል አለው።) ሁሉም ቶሎ ቶሎ መውጣት ከጀመሩ ግን ኦክስጅን አንሷል ወይ ውሃው ተበላሽቷል ማለት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ አሞኒያና ናይትራይት (ከአሳው ቆሻሻ ውሃው ውስጥ የሚጠራቀሙ መርዞች) ቶሎ ለኩ።

ሙቀቱ ለአብዛኞቹ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ጥሩ ነው፣ ፔፐርድ ቀዝቀዝ ያለም ይችላል። ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ የቧንቧችሁ ውሃ አብዛኛውን ዓመት በክሎራሚን፣ ማለትም ጀርም በሚገድል ኬሚካል ነው የሚታከመው፣ እሱ በባልዲ ስላሳደራችሁት አይጠፋም፣ ማጥፊያ ጠብታ የግድ ነው። ስታወጧቸው ኩባያ ተጠቀሙ፣ የጎን ክንፋቸው እሾህ መረብ ላይ ይጠመድና ይጎዳሉ።

በደንብ ከተያዙ ደግሞ ይራባሉ። ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ስትቀይሩላቸው ዝናብ የመጣ ይመስላቸዋል፣ ወንዶቹ ሴቷን ማባረር ይጀምራሉ። እሷ ጥቂት ጥቂት እንቁላል ሆዷ ስር ባሉት ክንፎች መሃል ይዛ እየዞረች መስታወቱ ላይ ትለጥፋለች። እዛው ከተዋችሁት ራሳቸው ይበሉታል፣ ስለዚህ በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አንከባላችሁ አንሱትና ከዛው ታንክ ውሃ በተቀዳበት ሌላ እቃ አድርጉት፣ የአየር ፓምፕ ግን እንዳትረሱ።