አደይ አበባን በሐሰት የወነጀልኩባቸው ዓመታት

መስከረም በጠባ ቁጥር ስለሚያስነጥሰኝ ጥፋተኛዋ አደይ አበባ ናት ብዬ ለብዙ ዓመታት አምኜ ኖሬያለሁ። እናቴ «ብርድ ነው የመታህ» ትለኛለች፤ የሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ የታፈነን አፍንጫ ሁሉ በአንድ ስም መጥራት ስለለመዱ «ሳይነስ ነው» ይሉኛል። የዛሬ ሁለት ዓመት ሌሊት ሌሊት ደረቴ እያፏጨ እንቅልፍ ሲነሳኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ከአፍንጫ አለርጂ በተጨማሪ አስም እንዳለብኝም ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሐኪሟ የሚነፋውን መድኃኒት ከጻፉልኝ በኋላ ደብተር እንድይዝ አዘዙኝ። ባስነጠሰኝ ወይም ባፈነኝ ቁጥር ሰዓቱን፣ የነበርኩበትን ስፍራና በአካባቢዬ የነበረውን ነገር ለአንድ ወር እንድመዘግብ ነበር። ነገሩ የልጅ ሥራ ቢመስለኝም አደይን ነጻ ያወጣት ይኸው ደብተር ነው። የአደይ የአበባ ዱቄት ከባድና የሚያጣብቅ በመሆኑ ከአበባ ወደ አበባ የሚጓዘው በንብና በሌሎች ነፍሳት እግር እንጂ በነፋስ አይደለም፤ ስለዚህ አፍንጫችን ድረስ የሚመጣበት ዕድል አነስተኛ ነው። በነፋስ የሚበተነው የሣር፣ የጥድና የወይራ ዱቄት ነው። ሣሩ ክረምቱ ሲወጣ አደይ በምትፈካባቸው ሳምንታት ያብባል፤ ነገር ግን አበባው ለዓይን የማይሞላ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። እኔም የባሰብኝ አደይ በሞላበት ሜዳ ሳይሆን የግቢያችን ሣር በታጨደባቸው ቀናት እንደነበር ከጽሑፌ አነበብኩ።

ደብተሩ ሌላም ነገር አሳየኝ። ከምዝገባው እኩሌታ የሚሆነው ንጋት ላይ፣ ገና ከአልጋዬ ሳልነሣ የተጻፈ ነበር። ሐኪሟ ይህንን ሲያዩ ወዲያው የጠረጠሩት ፍራሼን ነው። በፍራሽና በትራስ ውስጥ ከሰው ቆዳ የሚረግፈውን ፍርፋሪ እየበሉ የሚኖሩ፣ ርዝመታቸው ከሚሊሜትር ሲሶ የማይበልጥ የአቧራ ተባዮች አሉ፤ አለርጂውን በዋናነት የሚቀሰቅሰው ኩሳቸው ነው። ውሃ የማይጠጡና እርጥበትን ከአየር የሚስቡ በመሆናቸው ደረቅ አየር ይገድላቸዋል፤ የእኔ መኝታ ክፍል ግን ክረምቱን በሙሉ ግድግዳው የሚያልበው ምድር ቤት ነበር።

የቆዳ ምርመራው የተከተለው ከዚህ በኋላ ነው። ውጤቱን እንዳያዛባ ሴትሪዚን የተባለውን የአለርጂ ክኒን መውሰዴን አንድ ሳምንት ቀደም ብዬ አቆምኩ። ክንዴ ላይ የልዩ ልዩ ነገሮች ጭማቂ በጠብታ ተደርጎ እያንዳንዱ ጠብታ በቀጭን መርፌ ጫፍ ተነካ፤ ለማነጻጸሪያ ደግሞ አንዱ ጠብታ የጨው ውሃ፣ ሌላው ሂስታሚን፣ ማለትም ሰውነት በአለርጂ ጊዜ የሚለቀውና ቆዳን የሚያሳብጠው ንጥረ ነገር ነበር። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ፣ የጨው ውሃው ካሳየው ቢያንስ በ3 ሚሊሜትር የሚበልጥ እብጠት ያመጣው ነገር ተለየ። በእኔ ክንድ ላይ ያበጡት ሣር፣ የአቧራ ተባይና በረሮ ነበሩ።

በረሮው ግራ አጋባኝ፤ ደብተሬ ውስጥ እርሱን የሚያሳማ አንድም መስመር አልነበረምና። ሐኪሟ ቆዳ አበጠ ማለት ሰውነት ያንን ነገር ያውቀዋል ማለት እንጂ በሽታው የመጣው ከእርሱ ነው ማለት እንዳልሆነ አስረዱኝ። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የጅማ ጥናት ለዚህ ጥሩ ምስክር ይመስለኛል፦ በከተማው ቆዳቸው ለአቧራ ተባይ የሚያብጥ ሰዎች ደረታቸው የማፏጨት ዕድሉ ከፍ ያለ ነበር፤ በገጠሩ ግን ይኸው ዝምድና አልታየም። የምርመራ ወረቀት ብቻ ይዘው ቤታቸውን የሚያተራምሱ ሰዎች ስላሉ ይህን ማንሳቴ ነው። እኔ በረሮውን ለጊዜው ተውኩት፤ ፍራሹንና ትራሱን በሚዘጋ ልባስ አለበስኩ፤ አንሶላዬንም በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ማጠብ ጀመርኩ። የንጋቱ ማስነጠስ ሦስት ወር ሳይሞላው ተመናመነ።

አንድ ጉዳይ ግን ከመርፌው አምልጧል። በደብተሬ ውስጥ «ቡና ሲፈላ» የሚል ቃል ሰባት ጊዜ ተጽፎ ነበር። የከሰልና የእጣን ጭስ የታመመውን የአየር ቧንቧ በቀጥታ ስለሚያስቆጣው አስምን ይቀሰቅሳል እንጂ አለርጂ ስላልሆነ፣ የቆዳ ምርመራ ሊያገኘው አይችልም። ምርመራው ከሰሉን ከቤት አውጥቶ ለውጡን መመልከት ብቻ ነው። እናቴን ለመንኳትና ከሰሉን ወደ በረንዳ አወጣችልኝ፤ እጣኑ ግን እስካሁን ከሳሎን አልወጣም።